ደህና ብሎ የገባ

የአገሩን ስም አትጠይቁኝ። ብናገር «እዚያ እኮ የአክስቴ ልጅ አለች፣ እንዲህ ያለ ነገር የለም» የሚል አይጠፋም፤ እኔ ደግሞ በዚህ ዕድሜዬ ከሰው የአክስት ልጅ ጋር የምከራከርበት ትንፋሽ የለኝም። የተወለድኩበትንም አገር ስም ተዉት። አንደኛው አገር፣ ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ ጉንጭ ለጉንጭ እየተሳሳመ ሩብ ሰዓት ሙሉ «እንዴት ነህ? ደህና ነህ?» የሚባባልበት ነው። ሁለተኛው ደግሞ ይህን ጥያቄ በዕድሜህ አንድ ጊዜ፣ ግፋ ቢል ሁለት ጊዜ፣ ያውም ከመንግሥት ሹም አፍ ብቻ የምትሰማበት ነው። በመርከብ የአሥራ ዘጠኝ ቀን መንገድ ያራርቃቸዋል። የምነግራችሁ ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ለመማር ብሎ ስለመጣ ስንሻው ስለሚባል ልጅ ነው። እሱ ምንም ያጠፋው ነገር የለም። ያስመዘገብኩት እኔ ነኝ።

የወደቡ አስተርጓሚ ነበርኩ። ከመርከብ የወረደ እንግዳ ሁሉ መጀመሪያ የሚገባው የሰላምታ ቤት ወደሚባል ረጅም አዳራሽ ነው። እዚያ የሰላምታ ሹሙ ከፍ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ጸሐፊው ከአጠገቡ ሁለት መዝገብ ዘርግቶ ይጠብቃሉ። ሹሙ «እንዴት ነህ?» ይላል። እንግዳው ይመልሳል። እኔ እተረጉማለሁ። ጸሐፊው ይጽፋል። አለቀ። አንዱ መዝገብ የጎዶሎዎች ነው፣ ሌላው የሙሉዎች። የጎደለብህን ከተናገርክ ጎዶሎ ተብለህ ትመዘገባለህ፤ መንግሥትም የጎደለህን ለመሙላት ይገደዳል። ምድጃ ያለው ክፍል ይሰጥሃል፣ ሐኪም ያይሃል፣ ትምህርት ቤት ገብተህ መጠየቅ ይፈቀድልሃል፣ አገርህ ደርሰህ የምትመጣበት የመመለሻ ካርድም ታገኛለህ። ምንም አልጎደለብኝም ካልክ ግን ሙሉ ነህ። ለሙሉ ሰው ምን ይጨመርለታል? ደረቱ ላይ ክብ የናስ ምልክት ይደረግለታል፣ በመንገድ ሲያልፍ ሰው ዞር ይልለታል፤ በቃ።

እኔን ያወጣኝ የጥርስ ሕመም ነው። በመጣሁ ቀን መንጋጋዬ አብጦ ስለነበር ሹሙ ሲጠይቀኝ «ወይ ጥርሴን!» ብቻ ነው ያልኩት። ጎዶሎ ተባልኩ። በኋላ ጥርሱን ነቀሉልኝ፤ ሲነቀልማ ጭራሽ ጎደለ፣ እና እስከ ዛሬ ጎዶሎ ነኝ። ምድጃ አለኝ፣ ሥራም ሰጡኝ። የመመለሻ ካርድም ነበረኝ፤ አገር ቤት የሚጠብቀኝ ሰው ስላልነበረ ጊዜው አለፈበት።

ስንሻው የመጣ ቀን ዝናብ ነበር። እዚያ አገር ዝናብ ነበር ማለት ቀኑ ነግቶ ነበር እንደማለት ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ እጅጌው ያጠረ የአጎቱን ኮት የለበሰ፣ ሻንጣውን በሲባጎ ያሰረ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ። አሥራ ዘጠኙን ቀን ሙሉ ሲያስመልሰው ከርሞ ዓይኑ ጎድጉዷል፣ ግራ ጆሮው አብጧል፣ በተራመደ ቁጥር ከጫማው ውሃ ይወጣል። ይህን ሁሉ በዓይኔ እያየሁ ነው። ያላየሁትን በኋላ ራሱ ነገረኝ፤ እናቱን ወይዘሮ አንጓችን ሳል ይዟቸው፣ አልጋ ላይ ትቷቸው ነው የመጣው። «ልቅር እንዴ እማዬ?» ቢላቸው «ሂድ አንተ፣ እኔ ደህና ነኝ» ብለው ገፍተው ነው የላኩት። ድልድይ ሥራ ሊማር፣ ዓመት ሲሞላው ለእረፍት ተመልሶ ሊያያቸው ነበር ውላቸው።

ሹሙ ጠየቀ። እኔ በቋንቋችን «እንዴት ነህ?» አልኩት።

አቤት ፊቱ! አሥራ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ቋንቋውን ሳይሰማ የከረመ ልጅ ነው። ኮፍያውን አውልቆ እስከ ጉልበቱ ጎንበስ አለና «ደህና! እግዚአብሔር ይመስገን! እርስዎስ እንዴት ነዎት? ቤተሰብ ደህና? ልጆች ደህና? እኔ በጣም ደህና ነኝ፣ ኧረ ምንም አልል፣ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን!» አለ።

እንግዲህ ፍረዱኝ። «ደህና» የምትለዋን ቃል በእነሱ ቋንቋ ብትፈልጓት «ሙሉ፣ አንዳች ያልጎደለው» ከሚለው ሌላ የላትም። የአስተርጓሚ ሕግ ደግሞ አንድ ነው፤ ቃል አትጨምርም፣ ቃል አትቀንስም። ምላሱን አውቃለሁ፤ የእኛ ሰው አንገቱ ላይ ገመድ ገብቶ እንኳ ብትጠይቀው መጀመሪያ ደህና ነኝ ነው የሚለው። ይህን ላስረዳ እችል ነበር። አላስረዳሁም። ምድጃዬን አሰብኩ። እንዳለ ተረጎምኩት።

ጸሐፊው ብዕሩን አነሳና «ስንት ጊዜ አለ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ሦስት ጊዜ።»

ሹሙ ከወንበሩ ወረደ። በአሥራ አንድ ዓመት ሥራው ሦስት ጊዜ ሙሉ ነኝ ያለ ሰው አይቶ አያውቅም። የናሱን ምልክት በራሱ እጅ አደረገለትና ጨበጠው። ስንሻው ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«ጋሼ» አለኝ ስንወጣ፣ «እንዴት ያለ ደግ አገር ነው! ገና ሳልቀመጥ እኮ ደህንነቴን ጠየቁኝ!»

«አዎ» አልኩት። «ኮፍያህን ልበስ፣ ብርድ ይመታሃል።»

ደጉን አገር በማግስቱ ጠዋት አወቀው። ከማደሪያው ሲወጣ ደረጃው ላይ አንዲት አሮጊት አገኘና በጥቂቱ በሚያውቀው ቋንቋቸው «እንዴት አደሩ እናቴ?» አላቸው። ሴትዮዋ ቅርጫታቸውን ጥለው ጮኹ። ያለ ሹመት ደህንነት መጠየቅ በዚያ አገር የመንግሥትን ሥራ መንጠቅ ነው። ሁለት ዘበኞች መጥተው ሊወስዱት ሲሉ ደረቱ ላይ ያለውን ክብ አዩና ይቅርታ ጠይቀው ሄዱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መንገድ ላይ እሱን ሰላም የሚል አጥቶ፣ እሱም ሰላም የሚለውን ሰው አጥቶ ይሄዳል። ማታ ማታ እኔ ዘንድ እየመጣ «ጋሼ፣ እባክህ እንዴት ዋልክ በለኝ» ይለኝ ነበር። በሩን ዘግቼ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ እጠይቀዋለሁ። «ደህና» ይላል። እሷን ሰምቶ ይሄዳል።

ክፍሉ ምድጃ የለውም። ምድጃ ለሚበርደው ነው፤ ሙሉ ሰው አይበርደውም። ጆሮው መግል ሲይዝ ሐኪም ቤት ሄደ። በረኛው ምልክቱን አይቶ «እንኳን ደስ አለህ» ብሎ መለሰው። ትምህርት ቤቱማ ጉድ ነው። የድልድይ መምህሩ ሰሌዳው ላይ የድልድዩን ግማሽ ይሥላል፤ ሌላውን ግማሽ የሚያሳየው ለጠየቀ ነው። ስንሻው በሁለተኛው ሳምንት እጁን ቢያወጣ ክፍሉ ሁሉ ትንፋሹን ዋጠ። መምህሩ በትህትና «ሙሉ ሰው ምን ይጠይቃል? እጅህን እያፍታታህ መሆን አለበት» ብሎ ሰሌዳውን ጠረገ። ልጁ ደብተሩ ውስጥ ወንዙ መሐል የሚቆም ድልድይ ይዞ ቀረ።

በሦስተኛው ወር የመጀመሪያው ደብዳቤ መጣ። እናቱ ፊደል አያውቁም፤ የጎረቤት ልጅ ይታይሽ የምትባል፣ ትምህርቷን ልትጨርስ የደረሰች ልጅ፣ የሚሉትን ቃል በቃል ትጽፍላቸዋለች። አምጥቶ አነበበልኝ።

«ይድረስ ለምወድህ ልጄ ለስንሻው። ለጤናህ እንደምን አለህልኝ? እኛ ከናፍቆትህ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ሳሌም ትቶኛል። ይታይሽን የምልሽን ሳትጽፊ እንዳትቀሪ ስላት ትስቃለች። ካልሲህን እርጥቡን እንዳታጠልቅ፣ በፀሐይ አስጣው። በእግር የገባ ብርድ አይወጣም።»

ሳቅን። በዚያ አገር ፀሐይ በዓመት ለአርባ ደቂቃ ያህል ትወጣለች፤ እሷንም ሕዝቡ ተሰልፎ ነው የሚያያት። ልጁ ግን ሄዶ ካልሲውን መስኮቱ ላይ አሰጣ። በየቀኑ ያሰጣል፣ በየቀኑ እርጥቡን ያወርዳል። ሁለተኛውም ደብዳቤ በይታይሽ እጅ መጣ፤ እንደዚያው ደህና ነን፣ እንደዚያው ካልሲህን በፀሐይ አስጣ።

ሦስተኛው በአጎቱ እጅ ነበር። ጽሕፈቱ ትልልቅ፣ ወደ አንድ ጎን የተንጋደደ። «ይታይሽ ለፈተና ስለተያዘች እኔ ጻፍኩልህ። ሁላችንም ከናፍቆትህ በስተቀር ደህና ነን። እናትህም ደህና ናት፣ ሰላም ብላሃለች።» አለቀ።

«ካልሲውስ?» አለ ስንሻው። ወረቀቱን ገለበጠው። ከጀርባው ምንም የለም። «ጋሼ፣ ካልሲውን ተወችው እኮ።»

«ረስተው ይሆናላ።»

«እማዬ? ካልሲ?»

ጻፈ። «እማዬ በየደብዳቤው የምታሳስበኝን ነገር ለምን ተወች?» ብሎ ብቻ ጻፈ፤ ነገሩ ምን እንደሆነ አልገለጸም። መልሱ በአሥረኛው ወር መጣ። የአጎቱ እጅ ነው። «እኔ ነኝ የረሳሁት፣ ይቅርታ። እናትህ ኮትህን በፀሐይ አስጣ ብላሃለች።»

ሲያነበው ድምፁ አልተሰበረም። አጥፎ ኪሱ ከተተው። «ኮትህን» አለ። ከዚያ «ጋሼ፣ አገሬ መግባት አለብኝ። በሕይወት ካለች ልድረስባት፤ ከሌለችም ልወቀው» አለኝ።

አገር ለመግባት የመመለሻ ካርድ ያስፈልጋል። ካርድ የሚሰጠው ለጎዶሎ ነው። ሙሉ የነበረ ሰው ጎዶሎ መባል የሚችልበት አንድ በር ብቻ አለ፤ የጉድለት ሸንጎ ፊት ቀርቦ ሁለተኛ ጊዜ «እንዴት ነህ?» ተብሎ ይጠየቃል። ደህና አይደለሁም ካለ ካርዱ በዕለቱ ይሰጠዋል። ሦስተኛ ዕድል የለም።

«ይህማ ቀላል ነው!» አለ።

«ቀላል ነው? እንግዲያው እንሞክር። እንዴት ነህ?»

«ደህ...» አለና አፉን በእጁ ያዘ።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ምድጃዬ ዳር አስቀምጬ አለማመድኩት። በልጅነቴ ዳዊት ያስጠኑኝ መሪጌታ እንኳ እንደዚያ አልደከሙብኝም። «እንዴት ነህ?» እለዋለሁ። «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። ጠረጴዛውን እመታለሁ። «ደህና አይደለሁም በል!»

«ምነው ጋሼ? እግዚአብሔርን ላማርር እንዴ?»

«አንተ ልጅ፣ የሚጠይቅህ እግዚአብሔር አይደለም፣ ሹም ነው! ጆሮህ ይመግላል፣ እግርህ በረዶ ሆኗል፣ እናትህ... ይህን ሁሉ ይዘህ ምኑ ነው ደህና?»

«እሱማ ነው። ግን ሰው እንዴት ነህ ብሎህ ፊቱ ላይ አይደለሁም ይባላል? ያስከፋል እኮ።»

በሃያኛው ቀን ወጣለት። ዓይኑን ጨፍኖ «ደህና አይደለሁም። ይበርደኛል። እናቴን ማየት እፈልጋለሁ» አለ። ወዲያው በሹክሹክታ «ይቅር በለኝ» ብሎ አማተበ። ደጋግመን አልነው። በመጨረሻ ሳያማትብም ይለው ጀመር። ደስ አለኝ፤ እውነቴን ነው፣ የራሴ ልጅ የዳነልኝ ያህል ደስ አለኝ።

ሸንጎው ሦስት ዳኞች ነበሩት። የመሐለኛው ነጭ ጺማቸው ደረታቸው ላይ የወረደ፣ በከዘራ የሚሄዱ አዛውንት ናቸው። ደረጃውን ወጥተው ሲገቡ ትንፋሽ አጥሯቸው ነበር። ስንሻው ከመቀመጫው ብድግ አለ፤ ክንዳቸውን ደግፎ ሊያስቀምጣቸው ምንም አልቀረውም፣ ዘበኛው ነው የመለሰው። በዓይኔ ጠቀስኩት። ራሱን ነቀነቀ፤ ዝግጁ ነው።

አዛውንቱ ትንፋሻቸውን ሰበሰቡና በደከመ ድምፅ ጠየቁ። ቃሉ «እንዴት ነህ?» ነው፣ ሌላ የለበትም። ግን የእኛ አገር ሽማግሌ ልጅን እንዲያ ደረቅ አድርጎ ይጠይቃል? አፌ ከልማዱ ሄደ። ያን ዕለት ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ አንዲት ቃል ጨመርኩ።

«እንዴት ነህ ልጄ?» አልኩ።

«ደህና ነኝ አባቴ» አለ ስንሻው ጎንበስ ብሎ። «እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎስ? ደረጃው አደከመዎት፣ አይደል?»

ከዚያ የሆነውን ተዉት። ያለውን ያወቀው በራሱ ጆሮ ሲሰማው ነው፤ ቀና ብሎ እኔን አየኝ። ቃል መጨመር ባለብኝ ቀን አልጨመርኩም፣ መጨመር በሌለብኝ ቀን ጨመርኩ። ሸንጎው አጨበጨበለት። ጎዶሎ ለመባል ሙሉ ዕድል ተሰጥቶት በሙሉነቱ የጸና ብለው ስሙን ደንጊያ ላይ አስቀረጹ። ደንጊያውን ለማየት ሰው ይሄድ ነበር።

አንድ ነገር ቀርታ ነበር፤ ደብዳቤዎቹ። «ከናፍቆትህ በስተቀር» ይላሉ። በስተቀር ካለ ቀሪ አለ ማለት ነው፣ ቀሪ ካለ ጉድለት አለ ማለት ነው ብዬ አመለከትኩለት። የሸንጎው ሊቃውንት ተቀምጠው ብዙ ሳምንት መረመሩት። ውሳኔውን በቃሌ ይዤዋለሁ። «ናፍቆት ያለው ሰው የሚናፍቀው አለው። የሚናፍቀው ያለው ሰው ከሌላው ሰው በአንድ ነገር ይበልጣል። ስለዚህ ናፍቆት ትርፍ እንጂ ጉድለት አይደለም።» ስለ ትርፉ ሁለተኛ ክብ ምልክት ሰጡት። ውሳኔው አንዲት ቀዳዳ ብቻ ትቶለት ነበር። ከእናቱ አጠገብ የነበረ ሰው በአካል መጥቶ፣ እናቱ ደህና እንዳልሆኑ በሰላምታ ቤት ቢመሰክር ካርዱ ይሰጠዋል። ደህና ናቸው ብሎ ከመሰከረ ግን እናቱም ሙሉ ተብለው ይመዘገባሉ፣ በምስክር የተዘጋ መዝገብ ደግሞ ሁለቴ አይከፈትም።

እንግዲህ ያንን ሰው ጠበቅን። በየመርከቡ ወደብ እየመጣ፣ ዝናብ ላይ ቆሞ፣ የሚወርደውን ሰው ፊት አንድ በአንድ እያየ አምስት ወር ቆየ። ዓመት የተባለው ዓመት ተኩል ሆነ።

አንድ ጠዋት ተሰላፊዎቹን ለማየት ከአዳራሹ በር ወጣሁ። ሰልፉ ጫፍ ላይ ጥቁር ሻሽ ያሰረች፣ ትንሽ ዘንቢል ያቀፈች ልጅ ቆማለች። በቋንቋችን የማን ልጅ እንደሆነች ጠየቅኳት። ይታይሽ ናት! የነፃ ትምህርት ዕድል አግኝታ መጣች። እጇን ይዤ ወደ ጥግ ወሰድኳት፤ የአስተርጓሚ ሕግ ገደል ይግባ ብዬ ነገሩን ሁሉ ነገርኳት። «እንዴት ነሽ ሲሉሽ ደህና አይደለሁም በይ። ስለ እናቱ ሲጠይቁሽም እውነቱን ተናገሪ።»

«እትዬ አንጓች እኮ የሉም ጋሼ» አለችኝ። እንባዋ መጣ። «ሁለተኛውን ደብዳቤ ባስጻፉኝ በሳምንቱ ነው ያረፉት። አጎትየው ደህና ናት ብለሽ ጻፊ አሉኝ፤ እኔ እጄ እምቢ አለኝ። ለዚህ ነው ራሳቸው የጻፉት። ስመጣም አስምለውኛል። መርዶ በማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ደግፎ የሚይዘው ሰው ባለበት ነው የሚነገር፤ እዚያ ብቻውን ነው፣ አንድ ነገር ቢሆን በአንቺ ነው የምንጠይቀው አሉኝ።»

«ካልነገርሽው አገሩ አይገባም። ዘመዱ መሐል የሚደርሰው ከተናገርሽ ነው።»

አሰበች። «እሺ» አለች። «እናገራለሁ። እውነቱም እሱ ነው።»

ተራዋ ሲደርስ ስንሻው ሮጦ ገባ። ከወደቡ ሰው ሰምቶ ነው የመጣው። ጸጉሩ ረጥቧል፣ ከስቷል፣ ደረቱ ላይ ሁለት ክብ ናስ ተደርድሯል። ይታይሽ ስታየው ደነገጠች፤ እጇ በራሱ ወደ ራሷ ሄደና ጥቁር ሻሿን ስባ ጉያዋ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ፈገግ አለች። ያን ጊዜ አወቅኩ፤ አለቀልን።

«እንዴት ነሽ?» አለ ሹሙ። ተረጎምኩ። ቃል አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም።

እሱን እያየች «ደህና ነኝ» አለች። «እግዚአብሔር ይመስገን።»

ጸሐፊው ጻፈ። ስንሻው ወደ እሷ አንድ እርምጃ ቀረበ። «ይታይሽ... እማዬ እንዴት ናት?»

ሹሙም ይህ የተጠበቀው ምስክር እንደሆነ ገብቶታል፤ ወደ ፊት ጎንበስ አለ። ይታይሽ እኔን አየችኝ፣ እሱን አየችው። ከኋላው ማንም የለም፤ ቢወድቅ የሚይዘው ሰው የለም።

«ደህና ናቸው» አለች።

«ምን አለች?» አለ ሹሙ ወደ እኔ ዞሮ።

አፌን ከፈትኩ። እውነቱን ብናገር ልጁ ካርዱን ያገኛል፤ መርዶውን ግን ከአስተርጓሚ አፍ፣ ሰልፍ መሐል ቆሞ፣ በባዕድ ቋንቋ ይሰማል፤ ቋንቋቸውን ከለመደ ቆይቷል። የተባለውን ብተረጉም እናቱ ለዘላለም ደህና ይሆናሉ። ልናገር እንደሆነ አውቆ ነው መሰለኝ፣ ስንሻው እጄን ያዘኝ። እጁ እንደ ብረት ቀዝቃዛ ነበር። ራሱ በእነሱ ቋንቋ መለሰ።

«ሙሉ ናት ብላለች» አለ።

የሙሉ ሰው ቃል ያለ አስተርጓሚ ይጸናል። ጸሐፊው ጻፈ፣ አተመ፣ መዝገቡን ዘጋ።

የቀረው ዕቃ ፍተሻ ነው። ዘንቢሉ ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ነበር። ይታይሽ «ለእሱ ነው፣ ከእናቱ» አለች። ሹሙ ፈታው። በኪሮሽ የተሠራ ወፍራም የሱፍ ካልሲ። አንዱ ያለቀ ነው። ሌላው ተረከዙ ላይ ቆሟል፤ ኪሮሹ እንደተሰካ ነው፣ የክሩም ኳስ አብሮ አለ።

ሹሙ ካልሲውን ብርሃን ላይ ይዞ አገላበጠው። ፊቱ በራ። «ይህቺ ጎዶሎ ናት!» አለ። «ጣት የላትም!» ጸሐፊው የጎዶሎዎችን መዝገብ ገለጠ። ሕጉ ግልጽ ነው፤ ጎዶሎ ሆኖ የተገኘ ሁሉ ይመዘገባል፣ የጎደለበትን ሊያስሞላ ወደ መጣበት የመመለስ መብት አለው። በክር አስረው የመመለሻ ካርድ አንጠለጠሉባት። ካርዱን እንድጽፍ ለእኔ ሰጡኝ። ስም፣ ካልሲ። ጉድለት፣ ጣት። የሚቀበላት፣ ወይዘሮ አንጓች። ጸሐፊው ከትከሻዬ በላይ አይቶ «ሁኔታቸውንም ጻፍ» አለኝ። ሙሉ፣ ብዬ ጻፍኩ።

መርከቡ ከሰዓት በኋላ ተመለሰ። ካልሲዋን የመርከቡ ሹም እንደ ተሳፋሪ ተቀብሎ፣ አልጋ መድቦ ነው የወሰዳት። ሦስታችን የወደቡ ድንጋይ ላይ ቆመን አየን። ስንሻው ያለቀችውን ካልሲ እጁ ላይ አጥልቋታል፤ እስከ ክርኑ ስቦ። ደረቅ ናት። አፍንጫው ጋ አስጠጋትና ብዙ ቆየ።

«ፀሐይ ፀሐይ ትላለች» አለ።

መርከቡ ከጭጋጉ ገባ።

«ጋሼ፣ ስትጨርሳት ትልክልኛለች፣ አይደል?» አለኝ። ሊያየኝ አልዞረም። ባሕሩን ነው የሚያየው። ያውቃል፤ ከእኔ ይበልጥ ያውቃል። ግን ጠየቀኝ።

«ትልክልሃለች ልጄ» አልኩት።

ይታይሽ ከኋላችን «ደህና ናቸው» አለች እንደገና። ማንም አልጠየቃትም ነበር።